ኦክስጅን በቤት፦ ስር የሰደደ የሳንባ በሽታ ላለበት ሰው፣ ጅማ ላይ፣ ከሐኪም ትእዛዝ እስከ መጠባበቂያ ሲሊንደር

በቤት የሚሰጥ ኦክስጅን የሚሠራው በሰዓት ብዛት ነው። ትንፋሽ ሲያጥር ለግማሽ ሰዓት ተወስዶ የሚተው ማስታገሻ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 እና በ1981 የታተሙ ሁለት ጥናቶች፣ አንዱ የሰሜን አሜሪካ ሌላው የብሪታንያ፣ ያረጋገጡት ይህንኑ ነው። የደም ኦክስጅናቸው በጣም የወረደ የሲኦፒዲ (የአየር መንገድን የሚያጠብ ስር የሰደደ የሳንባ በሽታ) ሕሙማን በቀን 15 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲወስዱ ዕድሜያቸው ረዘመ፤ ሌሊት ብቻ ከሚወስዱትም ቀኑን የጨመሩት በለጡ። የማሽን ምርጫው፣ የመብራት ስሌቱ፣ የሲሊንደሩ ሒሳብ ሁሉ የሚመዘነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ 15ቱ ሰዓት ይሞላል ወይ?

በእርግጥ ያስፈልጋል?

ትንፋሽ ማጠር ብቻውን ኦክስጅን አያሳዝዝም። ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ፣ የደሙ ኦክስጅን ግን ደህና የሆነ ሰው ብዙ ነው። የሚጠቅመው በትክክል የተሳበ ኢንሄለር፣ ከጭስና ከሲጋራ መራቅ፣ ቀስ በቀስ የሚጨምር የእግር ጉዞ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ማሽን መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናትም በእረፍት የጣት መለኪያ የደም ኦክስጅን ልኬታቸው ከ89 እስከ 93 በመቶ ለሆነ፣ ወይም ሲንቀሳቀሱ ብቻ ለሚወርድባቸው ሰዎች ኦክስጅን ዕድሜም እንዳላራዘመ፣ ሆስፒታል መመላለስም እንዳልቀነሰ አሳይቷል።

ሐኪሞች የሚያዙት እንዲህ ሲሆን ነው፦ ሕመሙ በተረጋጋበት ጊዜ፣ ተቀምጦ ባረፈበት፣ ያለ ኦክስጅን ሲለካ፣ ከደም ቅዳ ቧንቧ በተወሰደ ደም የኦክስጅን ግፊቱ 55 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ወይም በታች፣ አለዚያም በጣት መለኪያ 88 በመቶ ወይም በታች ከሆነ። ከ56 እስከ 59 ሚሊሜትር ያለው ሰው የሚታዘዝለት የቀኝ ልብ መድከም ምልክት (ለምሳሌ የእግር እብጠት) ወይም የደም መወፈር፣ ማለትም ሄማቶክሪት (የቀይ ደም ሕዋሳት ድርሻ) ከ55 በመቶ በላይ፣ ሲኖርበት ነው። ኒሞኒያ ይዞት ተኝቶ ከሆስፒታል በኦክስጅን የወጣ ሰው ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ እንደገና መለካት አለበት። ብዙዎች እስከዚያ ይሻላቸዋል፤ ማንም ስላልለካቸው ብቻ ለዓመታት በቱቦ የሚኖሩም አሉ።

ጅማ ወደ 1,780 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል አንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ከከተማው ከፍ ብላ ባለችው ጅሬን ላይ ደግሞ ከዚያም ትንሽ ይቀንሳል። ጤነኛ ሰው ይህን አያስተውለውም። ሳንባው በጢስ ወይም በቲቢ ጠባሳ ለተጎዳ ሰው ግን ያቺ ልዩነት ከ90 ወደ 87 ልታወርደው ትችላለች። ስለዚህ ውጭ አገር የተጻፈለትን ወይም ቆላ ላይ የተለካለትን መጠን ይዞ የመጣ ሰው እዚህ እንደ አዲስ ይለካ።

አለካኩም ሥርዓት አለው። አምስት ደቂቃ ይቀመጥ። እጁ ከቀዘቀዘ ይሙቅ። የጥፍር ቀለም ይለቅ፤ እንሶስላ ወይም ሂና የሞቀ ጣት ካለ ያልተቀባ ጣት ይፈለግ፣ ከጠፋም የጆሮ ጫፍ ላይ የሚያዝ መለኪያ ይፈለግ። ጣቱ ከገባ በኋላ ቁጥሩ እስኪረጋ አንድ ደቂቃ ይጠበቅ፤ በመለኪያው ላይ ያለው የልብ ምት በእጅ ከሚቆጠረው ጋር ካልገጠመ የኦክስጅኑም ቁጥር አይታመንም። ሌላም አለ፦ እነዚህ መለኪያዎች በጠቆረ ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርገው የሚያነቡበት ጊዜ እንዳለ ተረጋግጧል። ጣቱ 89 ወይም 90 ያለ፣ ግን እግሩ ያበጠ ሰው «መስፈርቱን አላሟላም» ተብሎ ከመሰናበቱ በፊት ከደም ቅዳ ቧንቧ በሚወሰድ ደም የሚሠራው የደም ጋዝ ምርመራ እንዲሠራለት ይጠይቁ።

ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ

«ኦክስጅን ይውሰድ» የሚል ማዘዣ ሙሉ አይደለም። ከሐኪሙ ክፍል ሳይወጡ አምስት ነገር ያስጽፉ፦ በእረፍት በደቂቃ ስንት ሊትር፣ በእንቅልፍ ስንት፣ ሲንቀሳቀስ ስንት፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ የሚፈለገው ልኬት ከስንት እስከ ስንት። ስድስተኛ ካስጻፉ ደግሞ እሰየው፦ ድንገት ሲወርድ እስከ ስንት ሊትር መጨመር እንደሚፈቀድ።

ብዙ ሰው በ1 ወይም በ2 ሊትር ይበቃዋል። ለሲኦፒዲ ሕሙማን የሚፈለገው ልኬት አብዛኛውን ጊዜ ከ88 እስከ 92 በመቶ ነው። ቤተሰብ 98 ካላየ አይረካም፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። በእነዚህ ሳንባዎች ኦክስጅን ሲበዛ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደም ውስጥ ይከማቻል። ምልክቱ ጠዋት የሚነሳ ራስ ምታት፣ ቀን የሚጥል እንቅልፍ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ መቀባዠር ነው። ሰውየው «ዛሬ እንቅልፍ ተኛልን» ሲባል እየደከመ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ትንፋሽ ባጠረ ቁጥር መጠኑን ማዞር የለም። መጀመሪያ ይለካ፤ 88 እና በላይ ከሆነ ችግሩ የኦክስጅን አይደለም፣ የታዘዘው ኢንሄለር ይሳብ፣ ወደፊት ጎንበስ ብሎ ክንዱን ጠረጴዛ ላይ ያሳርፍ፣ ከንፈሩን አጥብቦ ቀስ ብሎ ያውጣ።

ማሽኑን ሲመርጡ

ኮንሰንትሬተር ኦክስጅን አያመርትም፤ ካካባቢው አየር ናይትሮጅኑን በዜዮላይት ጠጠር አስቀርቶ ከ90 እስከ 96 በመቶ የጠራ ኦክስጅን ያወጣል። እስከ 3 ሊትር ለታዘዘለት ባለ 5 ሊትሩ ይበቃል። 4 ወይም 5 ለታዘዘለት ባለ 10 ሊትሩ ይሻላል፤ ማሽን ዘወትር በጣሪያው ላይ ሲሠራ ቶሎ ያረጃል።

ገበያ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው «ከ1 እስከ 7 ሊትር» የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ በአንድ እጅ የሚነሳ ርካሽ ማሽን ነው። በ1 ሊትር ላይ የጠራ ሊያወጣ ይችላል፤ ወደ 7 ሲዞር ግን ጥራቱ ወደ 30 በመቶ ገደማ የሚወርድ አለ። የሚወጣው ነፋስ እንጂ ሕክምና አይደለም። ደህናው ባለ 5 ሊትር ማሽን 14 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል፣ ጎማ አለው፣ ጥራቱ ሲወርድ የሚያበራ መብራት አለው። ሁለተኛው ወጥመድ ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው ማሽን ነው። እሱ የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል፣ ኸርዙን ግን አይቀይርም፤ መጭመቂያው ከታሰበለት ፍጥነት ቀንሶ እየሞቀ ይሠራል፣ ጥራቱም ይወርዳል። ዘመድ መላክ ካለበት «220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ» የሚል የተለጠፈበትን ይላክ።

አገልግሎ የመጣ ማሽን ሲገዙ የሰዓት ቆጣሪውን ያንብቡ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት በሙሉ መጠኑ አስሠርተው በኦክስጅን መለኪያ ያስፈትሹ፤ የሕክምና መሣሪያ ባለሙያዎች ዘንድ ይገኛል። ጣት ላይ የሚደረገው መለኪያ ለዚህ አይሆንም። ተቀምጦ የከረመ ማሽን ብዙ ካልሠራው ሊብስ ይችላል፦ ዜዮላይት እርጥበት ይጠጣል፣ የጅማ ክረምትም ረጅም ነው። መጠባበቂያ ማሽን ያለው ሰው በየወሩ ጥቂት ሰዓት ያስሠራው።

መብራት

ባለ 5 ሊትር ማሽን ወደ 350 ዋት ይበላል። በቀን 16 ሰዓት ቢሠራ 5.6 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 168 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። ማሽኑን ከመግዛትዎ በፊት ያለፈውን ወር የቆጣሪ ክፍያ አውጥተው ይህን ይደምሩበት። ሂሳቡ ከብዶ ቤተሰቡ ማሽኑን «ለማሳረፍ» ማጥፋት ከጀመረ 15ቱ ሰዓት ወደ 6 ይወርዳል፣ የገባው ገንዘብም ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ማሽኑ ለብቻው ግድግዳ ሶኬት ላይ፣ ምድር ሽቦ ያለው፣ ይሰካ። ከቴሌቪዥንና ከስልክ ቻርጀር ጋር ዲቫይደር ላይ አይሰካ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ቮልቱ ይወርዳል፤ በዚያው ሰዓት የማሽኑ ቢጫ የጥራት መብራት ከበራ ማሽኑ ተበላሸ ብለው አይደናገጡ። 1.5 ወይም 2 ኪሎ ቪኤ ስታቢላይዘር መሃል ይግባ። መብራት ሲጠፋ ይንቀሉት፤ ሲመለስ የመጀመሪያው ምት ቦርዱን ሊያቃጥል ስለሚችል አምስት ደቂቃ ጠብቀው ይሰኩት። ነጎድጓድ ሲመጣም እንዲሁ።

እዚህ ላይ 15ቱ ሰዓት ነፃነት ይሰጣል። ቀኑ 24 ሰዓት ነው፤ 9 ሰዓት ትርፍ አለ። መብራት ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ማሽኑ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ሌሊቱን ሙሉ ይሥራ፣ ጠዋት ደግሞ ሦስት አራት ሰዓት ይጨመር። ልኬቱ ያለ ኦክስጅን ከ80 በታች የሚወርድ ወይም የሚቀባዠር ሰው ግን ትርፍ ሰዓት የለውም፤ ለእሱ ሲሊንደር አልጋው አጠገብ ይቁም።

ባትሪና ኢንቨርተር ተስፋ ከሚሰጡት በታች ይሠራሉ። ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፒር ሰዓት ባትሪ 2,400 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ እንዳይሞት ግማሹን ብቻ ይጠቀሙበታል፤ የኢንቨርተሩ ብክነት ሲቀነስ 1,000 ገደማ ይቀራል። ለ350 ዋት ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ጀነሬተር ካለ ከቤት ውጭ፣ ከመስኮት ርቆ ይቁም፤ ጭሱ ይገድላል፣ ማሽኑም የሚስበው ያንኑ አየር ነው።

የሲሊንደር ሒሳብ

ሲሊንደሩ ላይ የተቀረጸውን የሊትር መጠን በጌጁ (በግፊት መለኪያው) ላይ ባለው ባር ያባዙ፤ ውስጡ ያለው ኦክስጅን በሊትር ይወጣል። ያን በደቂቃ ለሚሄደው ሊትር ያካፍሉት።

ትልቁ ባለ 40 ሊትር በ150 ባር 6,000 ሊትር ነው፤ በ2 ሊትር 3,000 ደቂቃ፣ ማለትም 50 ሰዓት። ባለ 10 ሊትሩ 1,500 ሊትር ነው፤ በ2 ሊትር 12 ሰዓት ተኩል። የመጨረሻዎቹን 20 ባር ከሒሳብ ያውጧቸው። ጌጁ 50 ባር ሲያሳይ ለማስሞላት ይነሱ፤ ዜሮ እስኪል የሚጠብቅ ሰው ሲሊንደሩ ባዶ ሆኖ የሚያገኘው እሑድ ማታ ነው። ሰፈርዎ ካየው ረጅሙን የመብራት መጥፋት ይውሰዱ፣ ግማሹን ይጨምሩበት፣ መጠባበቂያው ያን ያህል ይሁን።

የሚሞላው የሕክምና ኦክስጅን ብቻ ነው። ከብየዳ ቤት የመጣ ሲሊንደር ወይም ሬጉሌተር (የግፊት መቀነሻ) አይገባም፤ ውስጡ ዘይት ሊኖር ይችላል፣ ዘይትና ከፍተኛ ግፊት ያለው ኦክስጅን ሲገናኙ ያለ ክብሪት ይቀጣጠላሉ። ሲከፍቱ በዚህ ቅደም ተከተል፦

1. ሲሊንደሩ ቆሞ ግድግዳ ላይ በሰንሰለት ይታሰር። ወድቆ አናቱ ላይ ያለው ቫልቭ የተሰበረ ሲሊንደር ግድግዳ ይበሳል።
2. እጅዎን በሳሙና ታጥበው ያድርቁ። ጸጉርዎን ቅቤ ሲቀቡ ቆይተው ከሆነ በተለይ።
3. ፊትዎን አዙረው ቫልቩን ለአንድ ሰከንድ ብቻ ከፍተው ይዝጉ፤ አቧራው ይወጣል።
4. የሬጉሌተሩ ጎማ ወይም ዋሸር መኖሩን አይተው ያጥብቁ። አልገጥም ካለ በጉልበት አይሆንም፤ የጥርሱ ዓይነት ተለያይቷል ማለት ነው፣ ሲሊንደሩን ከሰጠዎት ቦታ የሚገጥመውን ያስቀይሩ።
5. ፍሎሜትሩ (በደቂቃ የሚሄደውን ሊትር የሚያሳየውና የሚያስተካክለው) ዜሮ ላይ ሆኖ ዋናውን ቫልቭ ቀስ ብለው ይክፈቱ።
6. የሚያፏጭ ድምፅ ከተሰማ ይዝጉና ዋሸሩን ይዩ። ዘይት፣ ግራሶ፣ ፕላስተር የለም።
7. ባሩን አንብበው ይጻፉ፣ ከዚያ የታዘዘውን ሊትር ይስጡ።

ሲዘጉ መጀመሪያ ዋናውን ቫልቭ፣ ጌጁ ዜሮ ሲል ፍሎሜትሩን።

ማስሞላት ሲሄዱ ክዳኑ ይታሰር። ትልቁን ሲሊንደር ባጃጅ ኋላ ላይ አጋድሞ ከተሳፋሪ እግር ሥር መውሰድ የተለመደ ነው፤ አያድርጉት። ክፍት ፒክአፕ ላይ ታስሮ ይሂድ።

አተካከል

ማሽኑ ከግድግዳና ከመጋረጃ ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ይራቅ፣ ኩሽና አይቀመጥ፣ ጨርቅ አይልበስ። ድምፁ እንቅልፍ ከነሳ ማሽኑን ኮሪደር አውጥተው ቱቦውን ያስረዝሙ፤ በጠቅላላው ከ15 ሜትር አይለፍ። ሲበራ ጥራቱ እስኪሞላ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ፍሎሜትሩን ዓይንዎን ውስጡ ካለችው ኳስ ትክክል አድርገው ያንብቡ፤ መስመሩ የኳሷን መሃል ይቁረጥ። ቆመው ቁልቁል የሚያነቡ ሰዎች ሳያውቁት ግማሽ ሊትር ይሳሳታሉ።

የአፍንጫ ቱቦው ጫፎች ጉብጠታቸው ወደ ታች ሆኖ ይገቡና ቱቦው በጆሮ ኋላ ዞሮ አገጭ ሥር ይጠበቃል። ጆሮ ኋላ የሚያቆስል ከሆነ ጋዝ ይጠቅለልበት። ኦክስጅን መኖሩን ማረጋገጥ ከፈለጉ ጫፎቹን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይንከሩ፤ አረፋ ካለ አለ። ከዚያ በደንብ አድርቀው ይመልሱ።

ኦክስጅኑን የሚያረጥበው የውሃ ጠርሙስ ከ4 ሊትር በታች ለሚወስድ ሰው የግድ አይደለም፤ በጅማ እርጥበት ደግሞ ከጥቅሙ ጣጣው ይበዛል። አፍንጫው ከደረቀበት ብቻ ይግባ። ውሃው የተጣራ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፣ በየቀኑ ሙሉ በሙሉ ይቀየር እንጂ አይሞላበት፤ ጠርሙሱ በሳምንት አንዴ በሳሙና ታጥቦ በኮምጣጤ ይለቅለቅ። ለደረቀ አፍንጫ ቫዝሊን አይቀባ፣ ውሃ ላይ የተመሠረተ ቅባት ወይም የጨው ውሃ ጠብታ ይሁን።

የስፖንጅ ማጣሪያው በየሳምንቱ በሳሙና ውሃ ይታጠብ። ክረምት ላይ ቶሎ ስለማይደርቅ ሁለት ይኑርዎት፤ እርጥቡ አይገባም። የአፍንጫ ቱቦ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ ረጅሙ ቱቦ በሦስት ወር ይቀየራል።

እሳት

ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ የሚነደውን ግን ያከፋዋል። በቡና አገር ሦስት ጊዜ ቡና በሚፈላበት ቤት ይህ ከሁሉም የከበደ ምዕራፍ ነው። ከሰሉ፣ ዕጣኑ፣ ረከቦቱ ከሕመምተኛው ሦስት ሜትር ይራቅ የሚለው ዝቅተኛው ነው። ጢሱ ራሱ ሳንባውን ስለሚያስነሳበት ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ፣ ሲኒው ይምጣለት። ጫት ቤት ውስጥ ከተቃመ ሲጋራ መከተሉ አይቀርምና እንግዳው ቅር ቢለውም «እዚህ አይጨስም» ይባል።

አፍንጫ ውስጥ ያለውን ቱቦ አውልቆ አልጋ ላይ ጥሎ መሄድ ማሽኑ እየሠራ ከሆነ ብርድ ልብሱን በኦክስጅን ይሞላዋል። መጀመሪያ ማሽኑ ይጥፋ። ወደ ምድጃ የምትሄድ እናት ቱቦውን አውልቃ ልብሷ እስኪናፈስ 20 ደቂቃ ትቆይ። መብራት ሲጠፋ ሻማና ኩራዝ አይበራ፤ ሲሊንደር የሚከፈትበት ሰዓት ያ ነውና የእጅ ባትሪ ትራስ ሥር ይቀመጥ።

ሲበላሽ

የፍሎሜትሩ ኳስ ካልወጣች ቱቦውን ከማሽኑ መውጫ ላይ ይንቀሉ። ያኔ ከወጣች መዘጋቱ ቱቦው ወይም ጠርሙሱ ላይ ነው፤ አልጋ እግር ሥር የታጠፈ፣ ወንበር የቆመበት ይፈልጉ። አሁንም ካልወጣች ማሽኑ ነው።

ኳሷ በቦታዋ ሆና ብርጭቆው ላይ አረፋ ከሌለ ኦክስጅኑ መንገድ ላይ እየፈሰሰ ነው። ብዙውን ጊዜ የጠርሙሱ ክዳን ጠምሞ የገባ ነው። ክዳኑን ፈትተው እንደገና ያጥብቁ፣ ካልሆነ ጠርሙሱን ያውጡት።

ቢጫ ወይም ቀይ የጥራት መብራት ሲበራ ማጣሪያውን ይጠቡ፣ መጠኑ ከማሽኑ ጣሪያ አለማለፉን ይዩ፣ ቮልቱን ይዩ፣ ማሽኑ መታፈኑን ይዩ። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ከ20 ደቂቃ በኋላም ካልጠፋ ጠጠሩ አርጅቷል ወይም ቫልቩ ታሟል። ወደ ሲሊንደር ቀይረው ባለሙያ ይጥሩ። ቱቦው ውስጥ ውሃ ከተጠራቀመ ቀዝቃዛ ወለል ላይ ተጋድሟል፤ አውርደው ያፍስሱትና ግድግዳ ላይ ያሳልፉት።

ማሽኑ ደህና፣ አረፋውም ደህና፣ ጣቱ ግን ከ88 በታች ከሆነ ችግሩ ሰውየው ዘንድ ነው። አክታው ቀለም ቀይሮ ከበዛ፣ ትኩሳት ካለ፣ እግሩ በድንገት ካበጠ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ከተቀባዠረ፣ ወይም ሲቀሰቅሱት ካልነቃ ጊዜ አይሰጥም፤ ትንሹን ሲሊንደር ይዘው፣ ልኬቱን ከ88 እስከ 92 እየጠበቁ፣ የትእዛዙን ወረቀት በኪስ አድርገው ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም ወደ ቅርብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ለሚቀበለው ሐኪም መጀመሪያ የሚነገረው «ሲኦፒዲ አለበት፣ ቤት 2 ሊትር ነበር» የሚለው ነው፤ ይህ ሳይነገር 10 ሊትር በጭንብል ሊሰጠው ይችላል።

አዲስ አበባ መሄድ ካለ

መንገዱ 350 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ ግቤ በረሃ ላይ ወደ 1,100 ሜትር ወርዶ አዲስ አበባ ሲደርስ ከ2,300 ያልፋል። ጅማ ላይ በ1 ሊትር 90 የነበረ ሰው እዚያ በዚያው 1 ሊትር ሊወርድ ይችላል። ከመነሳቱ በፊት ሐኪሙ ለዚያ ከፍታ የሚሆን መጠን ይጻፍለት። አውሮፕላን ከሆነ ትኬት ከመቆረጡ በፊት አየር መንገዱ ይጠየቅ፤ የራስን ሲሊንደር ይዞ መግባት አይፈቀድም። መኪና ውስጥ ሲሊንደሩ በመቀመጫ ቀበቶ ይታሰር፣ መስኮት ጥቂት ይከፈት፣ ሾፌሩ አያጭስ፤ ኦክስጅኑ በጉዞው ሰዓት ሳይሆን በጉዞው ሰዓት እጥፍ ይሰላ፤ ጎማ መፈንዳትና ዝናብ የዚህ መንገድ ጸባይ ነውና።